የነጅዋ ዱብ

እኛ ስደተኞቹ በሰፈርንበት በሬኒየር ቫሊ በረሃን የማያውቅ ሰው የለም። ግማሹ በሱዳን በኩል በእግሩ አቋርጦታል፤ ሩቡ ዐረብ አገር ሠርቶ ኖሮበታል፤ የቀረው ደግሞ አውሮፕላን ሲቀይር ዱባይ ላይ አራት ሰዓት ተቀምጦ በመስታወት አይቶታል። ከሁሉም የበለጠ የሚያውቁት እነዚህ የመጨረሻዎቹ ናቸው። እኒህ ሊቃውንት በፖለቲካ አይስማሙም፤ በማኅበር ምርጫ አይስማሙም፤ የጥሩዬ ሱቅ ቅቤ ንጹሕ ነው አይደለም በሚል ተኳርፈው ዓመት ያለፋቸውም አሉ። በአንድ ነገር ግን ቃላቸው አንድ ነው፤ በረሃ ውስጥ ምንም የለም፣ አሸዋ ነው።

«አለ» ያለቻቸው አንዲት ሴት ብቻ ናት። ስሟ ነጅዋ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ አለ እያለች ነገረቻቸው፤ እነሱም ስድስት ዓመት ሙሉ ሳቁ። ይህን የምጽፈው ስለ እሷ ነው። ከሚያነቡት መካከል የሳቁት ብዙ ስለሚሆኑ ቀስ ብዬ እጽፋለሁ።

ነጅዋን ያወቅኋት በፈረንጆቹ 2006 ሬኒየር ቢች እኔ ከምኖርበት ፎቅ በታች ስትከራይ ነው። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሻርፗን ወደ ኋላ አጥብቃ የምታስር፣ አርባ ሊሞላት ሁለት ዓመት የቀራት ሴት ነበረች። መሐል ከተማ ቢሮ ታጸዳለች። ከሥራ ስትመለስ ከሰባት ቁጥር አውቶቡስ አንድ ፌርማታ ቀድማ ትወርድና መንገድ ዳር ትጎነበሳለች። ላየ ሰው አንድ ነገር የጣለች ትመስላለች። እሷ የምታየው ከአስፋልቱ ስንጥቅ የበቀለውን ቅጠል ነው። አንድ ቀን የአትክልት ሠራተኛ አገኘችና በቻለችው እንግሊዝኛ ስሙን ጠየቀችው።

ወዲያው ወደ እኔ መጥታ «ጋሼ፣ ዊድ ምን ማለት ነው?» አለችኝ።

«አረም። የማይፈለግ ማለት ነው።»

«ያኛውንም ጠየቅሁት፤ እሱም ዊድ ነው አለኝ። ቅጠላቸው እኮ አይገናኝም።» አለችና ቀጠለች። «እዚህ አገር ሁሉ ነገር ስለሚበቅል ማንም በስሙ አይጠራውም። እዚያ አንዲት ቁጥቋጦ ብቻዋን ከቆመች የእሷ ቀርቶ የአያቷም ስም ይታወቃል።»

እዚያ የምትለው ኤምሬትስን ነው፤ አል ዐይን። ከስልጤ፣ ከዳሎቻ አካባቢ ተነሥታ በ1996 ለቤት ሠራተኛነት የሄደችው ደላላው «ዱባይ፣ ፎቅ ቤት» ብሏት ነበር። ፎቁም ቀረ፣ ዱባይም ቀረ። በመጀመሪያው ሳምንት የእመቤቲቱን የሻይ ብርጭቆዎች ከነትሪያቸው ለቀቀቻቸው። እመቤቲቱም ለቅጣት ወደ ዕዝባ ላከቻት። ዕዝባ የሚሉት ከከተማ ወጣ ብሎ በበረሃው አፋፍ ያለ የቤተሰቡ እርሻና የእንስሳት ግቢ ነው።

እዚያ የምትኖረው የእመቤቲቱ አማት ኡም ሰይፍ ነበረች፤ ድንኳን ውስጥ ተወልዳ ያደገች፣ ኤሲ የሚያስላት፣ የልጇን ቪላ «ፍሪጁ» እያለች የምትጠራ አሮጊት። ዓይኗ ደክሟል። ነጅዋ ቅጠል ቀጥፋ በመዳፏ ታኖርላታለች፤ አሮጊቷ አሻሽታ፣ አሽትታ ስሙን ትናገራለች፤ ነጅዋ ትደግማለች። ከተሳሳተች አሮጊቷ በዚያው ቅጠል እጇን ትመታታለች። ትምህርቱ ዘጠኝ ዓመት ፈጀ።

ጋፍን የተማረችው እንዲህ ነው፤ ዝናብ ሳይጥል፣ በዚያ በሚያነድ በጋ የሚለመልም ዛፍ ነው፤ ሥሩ ውኃ ፍለጋ ከግንዱ ቁመት ብዙ እጥፍ ወደ ታች ይወርዳል። የጋፍ ጥላ ከሥር በኩል በመቀስ የተከረከመ ይመስላል። የከረከሙት ግመሎች ናቸው፤ አንገታቸው እስከደረሰበት ድረስ ይበሉታል። ሲድርን ገና ስታየው አወቀችው፤ የእኛው ቁርቁራ ነው። ሐንዘልን ደግሞ በአሸዋው ላይ ተንከባሎ ትንሽ ሐብሐብ መስሏት ቀምሳው ሁለት ቀን ምላሷ መረራት፤ አሮጊቷ ሁለቱንም ቀን ሳቀች። ግቢው ውስጥ ማሃዎች ነበሩ፤ እኛ ሳላ የምንለው እንስሳ ዘመድ፣ ግን ነጭ፣ ቀንዱ እንደ ጦር የቀጠነ፤ ከዱር ጨርሶ ጠፍቶ በሰው ግቢ ተራብቶ ወደ በረሃው የተመለሰ ፍጡር ነው። ሪም የምትባል የአሸዋ ሚዳቋም ነበረች። ሠላሳ የሚሆኑ ዱቦችም ነበሩ።

ዱብን እዚህ ላይ በደንብ መግለጽ አለብኝ፤ የዚህ ሁሉ ጣጣ መነሻ እሱ ነው። ዱብ ክንድ የሚያህል፣ ሆደ ሰፊ፣ ጭራው እንደ ዘንባባ ግንድ በእሾህ የተደረደረ የበረሃ እንሽላሊት ነው። እንሽላሊት መሆኑን ግን ነጅዋ ፊት መናገር አይገባም፤ አሮጊቷን «ሴትዮ» ብሎ እንደመጥራት ነው። ሣርና አበባ ይበላል። ውኃ አይጠጣም፤ ከቅጠሉ የሚያገኘው ይበቃዋል፤ የተረፈውን ጨው በአፍንጫው ጢቅ ብሎ ያወጣዋል። ጠዋት ጠቁሮ ከጉድጓዱ ይወጣና ፀሐይ ሲሞቅ ቢጫ ይሆናል። የአሮጊቷ ልጆች ዓርብ ዓርብ እየመጡ ጠብሰው ሊበሉት ይፈልጋሉ፤ ባላገሩ ድሮም ይበላው ነበር። ነጅዋ «አልቀዋል፣ ሦስት ቀርተዋል» ትላቸዋለች። ሃያ ሰባቱ ከበስተጀርባ፣ ከጋፉ ሥር ናቸው። አሮጊቷም ታውቃለች፤ ግን ዓይኔ ደክሟል ትላለች።

በ2005 ኡም ሰይፍ ስትሞት ልጆቹ እንስሳቱን በተኑ። ነጅዋ የዲቪ ዕጣ ደርሷት ወደዚህ ወደ ዝናቡ መጣች።

የጥሩዬ ሱቅ ሬኒየር ጎዳና ላይ ነው፤ ቅመም፣ እንጀራ፣ የስልክ ካርድና ወሬ ይሸጥበታል፤ አራተኛው ነጻ ነው። ነጅዋ ቅዳሜ ጠዋት ስትገባ ከባንኮኒው ጎን የሚጠብቃት ገመዳ ነው። ገመዳ ታክሲ ነጂ ነው፤ ከአርባ ዓመቱ ጀምሮ ራሰ በራ፤ ጅዳ ሁለት ዓመት ስለነዳ የበረሃው ሊቀ መንበር ራሱን አድርጎ ሾሟል።

«ነጅዋ፣ ዛሬስ አሸዋው ምን አበቀለ?»

«የአንተን ፀጉር አይደለም መቼስ። እሱ በውኃ አገርም አልበቀለ።»

«ሁለት ዓመት ነድቻለሁ እኮ። ያየሁት አንዲት ድመት ብቻ ነው። እሷም ሞታ።»

«መስኮትህን ዘግተህ ኤሲ ለቀህ ነዋ የነዳኸው። ቆመህ ወርደህ ታውቃለህ?»

«ወርጄ ምን ልሠራ?»

«አየህ» ትላለች ነጅዋ፤ ሰዉ ይስቃል፤ እሷም ምስሯን ይዛ ትወጣለች።

በ2012 ጸደይ ላይ ግን የማያስቅ ነገር መጣ። ከከተማው በስተሰሜን አንድ የእንስሳት ማቆያ ግቢ አለ፤ ስሙን አልጽፍም። እዚያ የምታጸዳ አንዲት ደንበኛ ረዳት ተንከባካቢዎች እንደሚፈልጉ ለጥሩዬ ነገረቻት፤ ጥሩዬም ለነጅዋ። ነጅዋ ያን ጊዜ አርባ አራት ዓመቷ ነው። ወለል ሲወለወልበት የኖረ ጉልበቷ ደረጃ ስትወጣ ይንቋቋል። ዕቃዋን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ ደንበኛዋ የተወችውን የሥራ ማስታወቂያ ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ።

«ጋሼ፣ እኔ ከፍ ያለ ደመወዝ አይደለም የፈለግሁት። እጄ የሚያውቀውን ሥራ እዚህ አገር አንድ ጊዜ ሳልሠራ እንዳላረጅ ነው።»

ገመዳ እንኳ አልቀለደም።

ማመልከቻ ለመጻፍ ደግሞ በሰፈራችን መንገዱ አንድ ነው፤ ወንዳፍራሽ። ከጥሩዬ ሱቅ ሁለት በር አልፎ ጠባብ ቢሮ አለው። በሩ ላይ «ትርጉም፣ ታክስ፣ ትኬት፣ ፎርም፣ ምክር» የሚል ተጽፏል፤ ምክሩ ሳይጠየቅም ይሰጣል። በዝናብም በፀሐይም ክራቫት ያስራል፤ ከክራቫቱ በላይ ፎቶው ያለበት መታወቂያ በገመድ አንጠልጥሏል። «ሰርቲፋይድ ነኝ» ሳይል እጅ አይጨብጥም። ዐረብኛም ያውቃል፤ ሦስት ዓመት ጅዳ የመጋዘን ጠባቂ ነበር።

ደብዳቤው ሲጻፍ አልነበርኩም። ሁለቱም ግን ነግረውኛል። የነገሩኝ ነገር አንድ ነው፤ የሚለያዩት ሞኙ ማን ነበር በሚለው ላይ ብቻ ነው።

«ሶ፣ ልምድሽን ንገሪኝ እህቴ» አላት ወንዳፍራሽ፣ ኮምፒውተሩን ወደ ራሱ አዙሮ።

«ዘጠኝ ዓመት ሠላሳ ዱብ አሳድጌአለሁ።»

«ድብ?»

«ዱብ።»

«ኦኬ፣ ዱብ የሚሉት ዐረቦቹ ናቸው። በአማርኛ ድብ ነው።»

«የዚህኛው ድምፅ ግን ወፈር ይላል፣ ጋሽ ወንዳፍራሽ።»

«እሱ የበዱ፣ የበረሃ ዘላኑ አነጋገር ነው። እኔ የማውቀው ፉስሓውን፣ የመጽሐፉን ነው።»

ነጅዋ አመነችው። ቤቷ የሚነገረው ስልጢኛ ነው፤ አማርኛን ያወቀችው ትምህርት ቤት ነው። አገራችን ውስጥ ድብ የሚባል አውሬ የለም፤ በተረት ስሙን ሰምታ ይሆናል፤ ምን እንደሚመስል አታውቅም። ለካ የኔ ዱብ በአማርኛም ስም አለው ብላ ደስ አላት።

«እንዴት ነው የምትይዣቸው?»

«ጉድጓድ ከገባ ጭራውን ይዤ ነው የማወጣው፤ ቀስ ብዬ። በኃይል ከሳቡት ሰውነቱን ይነፋና ከግድግዳው ይጣበቃል።»

«ጭራውን» አለ ወንዳፍራሽ። መጻፉን አቁሞ እጆቿን አያቸው። «አይነክስሽም?»

«ካላናደዱት አይነክስም። ከነከሰ ግን አይለቅም።»

«ምን ይበላል?»

«ቅጠልና አበባ። ውኃ አይጠጣም።»

«ኦኬ፣ ቬጀቴሪያን ነው። ትልቅ ነው?»

«ወንዱ ክንድ ይሞላል።»

«እሱ ግልገሉ ነው» አለና ወንዳፍራሽ ከራሱ አሻሽሎ ጻፈው።

ስለ ማሃው፣ ስለ ሪሟ፣ ስለ ጋፉ የነገረችውን ሁሉ ተወው። ደብዳቤ ፕሮፌሽናል የሚሆነው ሲያጥር ነው አላት። ከእነዚያ አንዱን ጽፎት ቢሆን ኖሮ አንባቢዎቹ ነገሩ ይገባቸው ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ኮል አደረጉላት። የደወሉት በሁለት ቀን ውስጥ ትምጣልን ብለው፣ በጣም በጉጉት ነው። ወንዳፍራሽ ሱቅ ለሱቅ እየዞረ የደብዳቤውን ኃይል ተናገረ። በቀጠሮው ቀን እኔ አሮጌ ካምሪዬን አሞቅሁ፤ ነጅዋ ከፊት፣ ወንዳፍራሽ ከኋላ ሆኑ።

«ኢንተርቪው ላይ ዓይን ዓይናቸውን እያየሽ ፈገግ በይ» አላት ከኋላ።

«ዱብን ዓይን ለዓይን ካዩት ይሸሻል፣ ጋሽ ወንዳፍራሽ።»

«ሰዎቹን ነው ያልኩሽ።»

ግቢው ሰፊና ዛፋም ነው። ቀይ ፀጉር ያላት ኃላፊ ተቀበለችን፤ ከኋላዋ ሦስት ባልደረቦቿ ቆመዋል፤ እነሱ የመጡት ሥራ ኖሯቸው ሳይሆን ነጅዋን ለማየት ነው። ሴትዮዋ ደብዳቤውን ይዛ አንዳንድ ቦታ ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበችው። እንግሊዝኛን ዘግይቼ፣ ከመዝገበ ቃላትና ከአውቶቡስ ማስታወቂያ ነው የለቀምኩት፤ ቤር ድብ መሆኑን ግን አውቃለሁ። ደብዳቤው ይህች ሴት በዐረብ በረሃ ሠላሳ ድቦች በእጇ አሳድጋለች፤ ከጉድጓድ ጭራቸውን ይዛ ታወጣለች፤ ቅጠል ታበላለች፤ ውኃ ሳታጠጣ ታኖራለች ይላል። ልናገር አፌን ስከፍት ወንዳፍራሽ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ፣ የባለሙያ ሥራ ነው።»

ኃላፊዋ ጠየቀች፤ ወንዳፍራሽ ተረጎመ። «ምን ዓይነት ድብ ነበሩ ትላለች።»

«ዓይነት አለው እንዴ? ዱብ ዱብ ነው» አለች ነጅዋ።

ወንዳፍራሽ እንዳለ አስተላለፈው። ሦስቱ ባልደረቦች ተያዩ። ኃላፊዋ በትሕትና፣ ኑ እስቲ የእኛን እዩልን ብላ ይዛን ሄደች። በአንድ ድንጋያማ ገደል ማዶ፣ ከወፍራም አጥር ኋላ አንድ ቡናማ ተራራ ተኝቶ ነበር። እኛ ስንደርስ ተነሥቶ ቆመ።

ነጅዋ ሻርፗን ያዘች። «ቢስሚላህ። ይሄ ምንድን ነው?»

ወንዳፍራሽ ሳይዘገይ ወደ ኃላፊዋ ዞሮ «ዕድሜው ስንት ነው ትላለች» አለ በእንግሊዝኛ።

«አሥራ ዘጠኝ» አለች ኃላፊዋ።

«አሥራ ዘጠኝ» አለ ወንዳፍራሽ።

«ምኑ ነው አሥራ ዘጠኝ?» አለች ነጅዋ።

ከሦስቱ አንደኛው፣ ወጣቱ፣ ሳቁን መቆጣጠር አልቻለም፤ እስቲ ይህኛውን ጭራውን እንዴት እንደምትይዢው አሳዪን አለ። ድቡ በዚያው ቅጽበት ዞረ። የድብ ጭራ ያለም የሌለም ነው። ነጅዋ እንግሊዝኛው ባይገባትም ሳቁ ገባት፤ የጣቱም አቅጣጫ ገባት። መጀመሪያ ጀርባውን አየች፤ ቀጥሎ ወረቀቱን፣ ቀጥሎ ወንዳፍራሽን።

«ወንዳፍራሽ፣ ምን ብለህ ነው የጻፍከው?»

ጋሹ ቀረ። እርስዎውም ቀረ።

«ያልሽውን ነዋ። ድብ።»

ነጅዋ ከኃላፊዋ እጅ ደብዳቤውን በሁለት እጇ፣ በአክብሮት ወሰደች። ገልብጣ ጉልበቷ ላይ አድርጋ በእስኪሪብቶ መሳል ጀመረች፤ ሰፊ ሆድ፣ አጭር እግር፣ እሾህ በእሾህ ላይ የተደረደረበት ጭራ፣ በአፍንጫው ጫፍ ሁለት የጨው ነጥብ። ነጥቦቹን ስታይ ኃላፊዋ መሳቋን ተወች። አንድ ረጅም የላቲን ስም ተናገረችና ክንዷን ይዛ ወደ ተሳቢ እንስሳት ቤት ወሰደቻት። እኛ ተከተልን፤ ክራቫቱም ተከተለ።

መስታወት ውስጥ፣ በአንድ ጥግ፣ አንድ ዱብ ነበር። ከሰል መስሏል። አጠገቡ ውኃ የሞላ ሰሐን፣ ከሥሩ እርጥብ አፈር አለ። ነጅዋ ተጎንብሳ ብዙ ጊዜ አየችው። የሚቀጥለውን ወንዳፍራሽን አልጠየቀችም።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይንገሩልኝ። ይበርደዋል። ዱብ ቀን በቀን ጥቁር ከሆነ ፀሐይ አላገኘም ማለት ነው። አፈሩን ያድርቁለት፤ ሰሐኑን ያንሡለት፤ ድንጋዩን ወደ መብራቱ ያስጠጉለት።»

በአውቶቡስ እንግሊዝኛዬ እንደምንም አልኩት። ኃላፊዋ ሙቀቱ በመመሪያው መሠረት ነው አለች። ይህን ለነጅዋ ነገርኳት።

«መመሪያውን የጻፈው ዱብ አይደለም» አለች።

ይህንንም ተረጎምኩት። ኃላፊዋ ነጅዋን አየቻት፤ ከዚያ ግንባሯን አሸት አሸት አድርጋ ረጅም ነገር ተናገረች። ወንዳፍራሽ አንገቱን ደፍቶ፣ ቀስ ብሎ ተረጎመው፤ በዚያን ቀን አንዲት ቃል ሳያዛንፍ የተረጎመው ይህን ብቻ ነው።

«እዚህ ቤት ክፍት የሥራ ቦታ ነበር። ባለፈው ሐሙስ ሰው ገባበት። የአንቺ ደብዳቤ ከድቦቹ ጋር ተቀምጦ ነው የቆየው ትላለች።»

ስንመለስ ይዘንብ ነበር። ነጅዋ መንገዱን ታያለች። ወንዳፍራሽ «በጣም ጥሩ ኢምፕሬሽን ነው ጥለን የወጣነው» አለ ከኋላ።

ነጅዋ ዞር አላለችም። «ጋሼ፣ ቢከን ሂል ላይ ያውርዱት። ባቡር አለ።»

አወረድኩት። ጃንጥላ አልያዘም፤ ሰርቲፋይድ ሰው ጃንጥላ አይይዝም። ክራቫቱ ሲበሰብስ በመስታወቴ እያየሁ ነዳሁ።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ጥሩዬ ሱቅ ደርሷል። ገመዳ «ወንዳፍራሽ ዱብን ድብ ቢያደርገው ለነጅዋ ዱብ ዕዳ ሆነባት» አለና ቀልዱ እስከ በጋ ድረስ ኖረ። ስድስት ዓመት በረሃ ባዶ ነው ሲሉ የኖሩት ሰዎች አሁን በረሃ ውስጥ ድብ አለ እያሉ ይስቁባት ጀመር፤ ለእነሱ ይህ እድገት ነው። ወንዳፍራሽ ግን ይቅርታ አልጠየቀም። መዝገበ ቃላት ይዞ መጣና ባንኮኒው ላይ ዘረጋው። በዐረብኛ ዱብ ማለት ድብ ነው ይላል፤ እውነትም ይላል። ፊደሉ የተለየ፣ ድምፁ የወፈረ ሌላ ቃል አለ፤ እሱ ሌላ ገጽ ላይ ነው፤ ወንዳፍራሽ ያንን ገጽ አልገለጠም። በመጽሐፍ ትክክል ሆኖ በነገሩ የተሳሳተ ሰው በዚህ ምድር ላይ የሚያሸንፈው የለም።

በአምስተኛው ቀን ኃላፊዋ ስልክ ደወለች። አፈሩን አድርቀው፣ ድንጋዩን አስጠግተው ነበር። ዱቡ ቢጫ ሆኗል፤ በልቷል። ነጅዋ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣልን ይሆን፣ ደመወዝ ግን የለውም አለች። ነጅዋ ስልኩን ዘግታ «ቅዳሜ» አለች፣ ሌላው ቃል እንዳልተነገረ ሁሉ።

በሁለት አውቶቡስ ሄዳ በሁለት አውቶቡስ ትመለሳለች። ጥሩዬ «የነጻ ሎሌ ሆንሽ እኮ» አለቻት። «እትዬ ጥሩዬ፣ አንቺ ቤት ቅዳሜ ስስቅባቸው ወይ ሲስቁብኝ የምውለውስ በደመወዝ ነበር?» አለቻት። እንግሊዝኛዋም እዚያው አደገ፣ ግን ወደ አንድ ወገን ብቻ፤ ምግብ ቤት ገብታ ምግብ ማዘዝ ሳትችል የዱብን የሆድ ድርቀት ከነምክንያቱ ታስረዳ ነበር። ከዓመት ከምናምን በኋላ ያ ሐሙስ የተቀጠረው ሰው ሌላ ከተማ ሄደ። ቦታውን ለነጅዋ ሰጧት። ያለ አስተርጓሚ።

በዚያ ሳምንት ወንዳፍራሽ በሩ ላይ አንድ ቃል ጨመረ፤ «ሥራ ማስገኘት»። ከጎኑ የድብ ሥዕል ለጠፈ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ለሁላችንም ክብር ነበር። በ2015 ግቢው ከደቡብ ሰፈር ለሚመጡ ቤተሰቦች ሲል በየመስታወቱ ላይ በአማርኛና በሌሎችም ቋንቋዎች መግለጫ ሊለጥፍ ፈለገ። ወረቀቶቹን ለባለሙያ ልከው አስተረጎሙ። ነጅዋን ማንም አልጠየቃትም፤ እሷ የምታበላ እንጂ የምትጽፍ አይደለችም። የኮሚኒቲ ማኅበሩም ለምርቃቱ አውቶቡስ ተከራየና ሁላችንም ተጭነን ሄድን፤ በረሃ ባዶ ነው የሚሉት ሁሉ ከነልጆቻቸው።

ነጅዋ የሥራ ልብሷን ለብሳ በር ላይ ተቀበለችን። ወደ ዱቡ ስንደርስ አዲሱ መግለጫ ተሰቅሏል፤ በትልልቅ ፊደል፣

«ድብ። በዐረብ በረሃ ይኖራል። ሣርና አበባ ይበላል።»

ልጆቹ ማንበብ ስለማይችሉ ዝም አሉ። እኛ ማንበብ ስለምንችል ዝም አልን። መጀመሪያ የተናገረው ገመዳ ነው።

«ይሄ ድብ ምን ነክቶት ነው እንዲህ የኮሰመነው?»

ሁሉም ሳቀ። ነጅዋ አልሳቀችም። ከሰዉ መካከል ክራቫቱን ፈልጋ አገኘችው።

«ይሄን የጻፍከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ» አለ ወንዳፍራሽ፣ መታወቂያውን አስተካክሎ። «በአማርኛ ዱብ የሚባል እንስሳ የለም። የሌለ ቃል ፈርሜ አላወጣም።»

«አርጃኖ ማለት ይቻል ነበር» አለች ጥሩዬ፣ ለማስታረቅ።

«አርጃኖ ሥጋ ይበላል፣ እትዬ ጥሩዬ። ይሄ ሣር ነው የሚበላው» አለች ነጅዋ። ከኪሷ የመኖ ዕቃ የምትጽፍበትን ጥቁር ማርከር አወጣች። ጉልበቷ እየተንቋቋ በርጩማ ላይ ወጥታ የመጀመሪያውን ፊደል በጥፍሯ ፋቅ ፋቅ አደረገችው፤ በቀኝ ጎኑም አጭር እጅ ቀጠለችለት። ድብ የነበረው ዱብ ሆነ። ትንሽ ጠመም ብሏል፤ ግን ይነበባል።

«አሁን አለ» አለችና ወረደች።

ወንዳፍራሽ ፊደሉን ለማየት ተጠጋ፤ ከዚያ፣ ይመስለኛል ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የተረጎመውን እንስሳ ለማየት ጎንበስ አለ። አፍንጫው መስታወቱን ሊነካ ደረሰ። ዱቡ ቢጫ ሆኖ ድንጋዩ ላይ ተዘርግቷል። አንገቱን ቀና አድርጎ ቆየት ብሎ አየውና ጨውን በአፍንጫው ጢቅ አደረገበት። መስታወቱ ላይ፣ በትክክል በክራቫቱ ፊት ለፊት፣ ነጭ ነጠብጣብ ቀረ።

ወንዳፍራሽ ደንግጦ ወደ ኋላ አለ። «ምን ማለቱ ነው?»

ነጅዋ በርጩማውን አነሣች። «አስተርጓሚው አንተ ነህ» አለችና ሣር ልታመጣለት ሄደች።